ደረቱ ከፍ ብሏል

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ያዘነልኝ ሰው ሞልቷል፤ ኮልፌ ውስጥ ለሐዘን ሰው አያንስም። የምጽፈው ነገሩ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አልወጣ ስላለኝ ነው። በለቅሶ ሞከርኩት፣ በዱዓ ሞከርኩት፣ ዝም በማለትም ሞከርኩት። እስቲ ደግሞ በጽሑፍ ልሞክረው።

ነጃት እባላለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አየር ጤና አካባቢ ባለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ ውስጥ አዋላጅነት አስተምር ነበር። እንዴት አስተማሪ ሆንሽ ብትሉኝ መልሱ አጭር ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ሥራዬን ደህና አድርጌ እሠራ ነበር፣ ኮሌጁ ሰው ፈለገ፣ ገባሁ። እንዴት እንደሚያስተምሩ ማንም አላስተማረኝም። ጋወን ሰጡኝ፣ ማርከር ሰጡኝ፣ "ክፍሉ ያውልሽ" አሉኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኛ ኮሌጅ ውስጥ ያለን አስተማሪዎች ግን ሁላችንም ጠምጥመን ነው የጀመርነው። እኛን ያስተማሩን ሰዎች ያደረጉትን እያደረግን፣ ስህተታቸውንም እንደ ሥርዓት ይዘን ቀጠልን።

ከሥርዓቶቹ አንዱ ይሄ ነው። ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ የምናስተምርባቸው ሁለት የፕላስቲክ ሕፃናት ነበሩን። አንደኛው አዲስ ነው። እሱ ላስቲኩ እንኳ ሳይወልቅ የኮሌጁ ዲን ቢሮ ውስጥ፣ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎበት ይቀመጣል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል፣ ተቆጣጣሪው ሲሄድ ወደ ቁም ሣጥኑ ይመለሳል። ሁለተኛው ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ነው። አንገቱ ደርቋል፣ ደረቱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ደግሞ ከተቀደደ ቆይቷል። አምቡ ባግ የምንለው፣ ማስኩን አፍና አፍንጫ ላይ ገጥመው አየር በእጅ እየጨመቁ የሚሰጡበት ዕቃ አለ። ለዚያ አሻንጉሊት በአምቡ ባግ የፈለጋችሁትን ያህል አየር ብትሰጡት ደረቱ ንቅንቅ አይልም።

ታዲያ ምን እናደርግ ነበር? ተማሪው ፈተና ላይ አምቡ ባጉን ይጨምቅና "ደረቱ ከፍ ብሏል" ብሎ በአፉ ይናገራል፤ እኛ ምልክት እናደርግለታለን። ጓንትም እንደዚያው ነው። ጓንት ሲያልቅ "ጓንት አጥልቄያለሁ" ይላል፣ ምልክት። "እጄን ታጥቤያለሁ" ይላል፣ ምልክት፤ ቧንቧው ግን ጠብ አይልም። የአዲሱን አሻንጉሊት ቁልፍ ስጡን ብዬ ዲኑን ለምኛቸው አውቃለሁ። ተጨቃጭቄያቸውም አውቃለሁ፤ አፌ እንደሆነ አያርፍም።

"ሲስተር ነጃት፣ ተማሪ ከነካው ይቀደዳል" አሉኝ። "ዋናው ቅደም ተከተሉን ማወቃቸው ነው።"

እኔም ሌላውም አስተማሪ ቅደም ተከተሉን እያስተማርን ኖርን። ሆስፒታል ለልምምድ ሲወጡ ያዩት የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንዲትን ወላድ ተማሪ ከቧት ነው የሚቆመው፤ ከኋላ ያለው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው።

ቅደም ተከተል በማወቅ ግን ምህረትን የሚያክል ተማሪ አልነበረኝም። ምህረት የቀራንዮ ሠፈር ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ጴንጤዎች ናቸው፣ እሷም ዘማሪ ናት። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምጿ ጥርት ያለ። ስትፈተን እኛ አስተማሪዎቹ እስክሪብቶአችንን አስቀምጠን ነበር የምንሰማት፤ አንዲት ቃል አትዘልም። በአንደኝነት ተመረቀችና ሠፈራችን ካለው ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። ባልደረቦቼ "ያንቺ ልጅ" ይሏት ነበር። እኔም ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

ያኔ እርጉዝ ነበርኩ። እኔና ባለቤቴ ጀማል ከተጋባን በኋላ ልጅ ሳናገኝ ብዙ ዓመት ቆይተናል። ጀማል አየር ጤና ጋራዦቹ ጋ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ደንበኛ ልጁን ይዞ ከመጣ ዕቃውን ትቶ ከልጁ ጋር የሚጫወት ሰው ነው። ያልረገጥነው ሐኪም ቤት አልነበረም፤ "አላህ ሲፈቅድ" እየተባልን ኖርን። በመጨረሻ ፈቀደ። ወንድ ነው ተባልን። ጀማል ስም ሳያወጣለት "ሰውዬው" ይለው ነበር። ከሱቅ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ሰውዬው ዛሬ ረገጠሽ?" ይለኛል።

ምጡ የጀመረኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልወልድ ያሰብኩት ከተማው መሀል ካለ ሆስፒታል ነበር። የመጀመሪያ ምጥ ይረዝማል፣ ራሴ የማስተምረው ነው፤ እና አልተጣደፍኩም። ገላዬን ታጠብኩ፣ የሰውዬውን ልብሶች ለሁለተኛ ጊዜ አጣጠፍኩ፣ ጀማልን "ቁርስህን ብላ፣ ገና ነው" አልኩት። እኩለ ቀን ሳይሞላ የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ አረንጓዴ ነው። ሕፃኑ እዚያው ማሕፀን ውስጥ ካካ ብሏል ማለት ነው፤ ሲጨናነቅ ነው እንደዚያ የሚያደርገው።

"ጀማል፣ መኪና" አልኩት።

ላዳ ይዞ መጣ። አየር ጤና መጋጠሚያው ላይ ስንደርስ መንገዱ ተቆፍሮ፣ ሚኒባሱና ገልባጩ ተቆላልፎ ቆሟል። ሾፌሩ አንዴ ጥሩንባ ይነፋል፣ አንዴ ወደ ኋላ ዞሮ እኔን ያየኛል። ምጡ እየተደጋገመ መጣ፣ ከዚያ መግፋት መግፋት አለኝ።

"መልሱኝ። ጤና ጣቢያ መልሱኝ፤ ሆስፒታል አልደርስም።"

"እርግጠኛ ነሽ?" አለ ጀማል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"መኪና ውስጥ ልወልድልህ ነው እንዴ?"

ሾፌሩ በአስፋልቱ መሀል ጎማውን አጣሞ እንዴት እንዳዞረው አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ይሰድበው ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ ጀማል ደግፎኝ ወረድኩ። የማዋለጃ ክፍሉን በር የከፈተችልን ምህረት ናት።

"ሲስተር? እርስዎ ነዎት?"

ወላሂ፣ በሕይወቴ ሰው አይቼ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ከእሷ ጋር የነበረችው አንጋፋ አዋላጅ ሌላ ወላድ ይዛ በአምቡላንስ ሆስፒታል ሄዳለች። ያለችው ምህረት ብቻ ናት። ቢሆንም ምንም አልመሰለኝም።

"አትፍራ" አልኩት ጀማልን። "ጎበዝ ናት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።"

ጀማል ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ ወጣ። አልጋ ላይ ወጣሁ። ምህረት የልጁን የልብ ምት አዳመጠች፤ ቀስ ብሏል አለችኝ። መዘግየት እንደሌለብን ሁለታችንም እናውቃለን። "ይግፉ ሲስተር፣ ጎሽ፣ ደግመው ይግፉ" ትለኛለች፣ በዚያ ጥርት ባለ ድምጿ። ገፋሁ። ጥርሴ የሚሰበር እስኪመስለኝ ገፋሁ። ወጣ።

ዝም አለ።

ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ጤና ጣቢያ ስሠራ ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ በሌላ ሰው ልጅ ግን ነው። እኔ ቆሜ፣ ሌላ ሴት ተኝታ። ያን ቀን የተኛሁት እኔ ነኝ፤ ጣሪያው ላይ ያለውን የውሃ እድፍ እያየሁ "ለምን አያለቅስም?" ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ወላዶች ሁሉ የሚሉት እሱን ነው።

ምህረት አልተደናገጠችም። "ሕፃኑን እያደረቅኩ ነው። ጀርባውን እያሻሸሁ ነው። አይተነፍስም። እትብቱን አስሬ እቆርጣለሁ።" እያንዳንዷን ደረጃ በቦታዋ። በሩን ከፍታ ጀማልን "ሮጠው የጤና መኮንኑን ከካርድ ክፍሉ ማዶ ይጥሩት" አለችው፤ እሱንም አልረሳችም። ሕፃኑን ጥግ ወዳለው ማሞቂያ ጠረጴዛ ወሰደችው። ጀርባዋን ነበር የሰጠችኝ፤ ከልጄ አንዲት እግሩ ብቻ ትታየኛለች። ሰማያዊ ነበረች።

"ጭንቅላቱን አቃንቻለሁ" አለች። "ማስኩን ገጥሜያለሁ። አየር እሰጣለሁ።"

ክርኗ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ደረቱ ከፍ ብሏል።"

አልሃምዱሊላህ ብዬ ጭንቅላቴን ትራሱ ላይ ጣልኩ። እመኑኝ፣ አንድ አፍታ ደስ አለኝ። ደረቱ ከተነሳ አየሩ ገብቷል፤ አየሩ ከገባ ልቡ ይነሳል፤ ልቡ ከተነሳ ያለቅሳል። ልቅሶውን ጠበቅኩ። ምህረት ትሰጣለች፣ "ደረቱ ከፍ ብሏል" ትላለች፣ ትሰጣለች፣ "ደረቱ ከፍ ብሏል" ትላለች። እግሩን አያለሁ። እግሩ ያው ነው።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ክርኗ በታጠፈ ቁጥር ፍስስ የሚል። ማስክ ጉንጭ ላይ በደንብ ካልተቀመጠ አየሩ ወደ ሳንባ ሳይሆን በጎን ነው የሚወጣው፤ ሲወጣ እንደዚያ ይላል። የሰማሁት የልጄ ትንፋሽ ሜዳ ላይ ሲፈስ ነው።

"ምህረት።"

"አቤት ሲስተር።"

"አየሩ በጎን እየወጣ ነው።"

"ደረቱ ከፍ ብሏል ሲስተር።"

ድምጿ አልተለወጠም። ያኔ ነው የገባኝ። ያ ድምፅ የማዋለጃ ክፍል ድምፅ አይደለም፤ የፈተና ክፍል ድምፅ ነው። እስክሪብቶ አስቀምጬ የሰማሁት ድምፅ ነው።

"አየሽው ወይስ አልሽው?"

ክርኗ ቆመ።

"አታቁሚ። እየሰጠሽ ደረቱን እዪው። አይተሽ ንገሪኝ።"

ጎንበስ አለች። ጨመቀች። እንደገና ጨመቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል።

"ሲስተር፣ ሲነሳ ምን ይመስላል?"

ልጅቷ አልዋሸችም። ሰነፍም አይደለችም፣ ግዴለሽም አይደለችም። በሕይወቷ የሕፃን ደረት በአምቡ ባግ ሲነሳ አይታ አታውቅም። ሲያደርገው ያየችው ሰው የለም፣ ያሳያት ሰው የለም። ቃሉን ነው የሰጠናት፤ እሷም የሰጠናትን ቃል ሳታጎድል መለሰችልኝ።

"ወደ እኔ አምጪው" አልኳት።

"ሲስተር፣ ከማሞቂያው ማንሳት..."

"አምጪው ብያለሁ።"

በፎጣ ጠቅልላ አመጣችው። የእንግዴ ልጁ ገና አልወጣም፣ ደሜ ይፈሳል፣ እግሬ ይንቀጠቀጣል። በክርኔ ተደግፌ ቀና አልኩ፤ ሆዴ ላይ አስቀመጠችው። መጀመሪያ ያየሁት አንገቱን ነው። ወደ ኋላ ተቆልምሟል። የኮሌጁ አሻንጉሊት አንገቱ ደረቅ ስለሆነ ተማሪ በኃይል ካልገፋው አይዞርም፤ የምህረትም የለመደ እጅ ነው በዚያ ኃይል የገፋው። የአራስ ልጅ አንገት እንደዚያ ሲታጠፍ የአየር መንገዱ ይዘጋል። ቀና አደረግኩት። አገጩን በጣቴ ከፍ አድርጌ ማስኩን ገጠምኩና ጨመቅኩ።

ደረቱ ተነሳ። ትንሽ ነገር ናት። ቀጭን አንሶላ ከሥር ነፋስ ሲገባበት ከፍ እንደሚለው ያህል ናት። ካላወቃችኋት አታይዋትም።

"ይኸውልሽ" አልኳት።

"ይሄ ነው?" አለች ምህረት።

"ይሄ ነው።"

እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ማስኩ ላይ እንዳይወድቅ በክንዷ ጠረገችው። እኔ እጨምቃለሁ፣ እሷ በጣቷ የልቡን ምት ትይዛለች። "እየፈጠነ ነው" አለች፣ አሁን ድምጿ ተሰባብሮ። ከንፈሩ ቀላ። አንዴ ሳግ አለው፣ ቆየ፣ ደገመው። ከዚያ ስልል ያለች ድምፅ አወጣ። ልቅሶ አትባልም፤ ለእኛ ግን በቃችን። ጀማል ከጤና መኮንኑ ጋር እየሮጠ ሲገባ እኔና ምህረት ሁለታችንም እናለቅስ ነበር። ጀማል ልጁን ሲያየው የደስታ ልቅሶ መሰለው።

አምቡላንሱ ሲመለስ በዚያው ወሰዱን። ምህረት አብራን መጣች። መንገዱን ሁሉ አምቡ ባጉን ይዛ፣ ዓይኗን ከደረቱ ላይ ሳትነቅል ትጨምቅ ነበር። መኪናው ሲያንገጫግጫት እንኳ ቀና አላለችም። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጥሩ አድርጋ ነው የሠራችው፤ ያን መካድ አልችልም።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። አንጎሉ አየር ሳያገኝ ቆይቷል አለን። ይንቀጠቀጣል፣ መድኃኒት ጀምረንለታል፣ እንጠብቅ አለን። እኔ ስለማውቀው አልጠየቅኩትም። ጀማል ግን ጠየቀው፦ "ይድናል አይደል?" ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ መሬት አየሁ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ጀማል ነርሷን ለምኖ ልጁ ካለበት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገባ። እኔ በመስታወቱ አየዋለሁ። ጎንበስ ብሎ በቀኝ ጆሮው አዛን አለለት። ሲወጣ "ሙዓዝ ብዬዋለሁ" አለኝ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ነጃት።"

"እ።"

"ጎበዝ ናት አላልሽኝም?"

"ጎበዝ ናት።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

በአጠገባችን የፅዳት ሠራተኛ ወለል እየወለወለች ታልፋለች፤ እስክታልፍ ጠበቅኩ።

"ያስተማርኳትን ነው የሠራችው፣ ጀማል። አንድም አላጎደለችም።"

አልገባውም። ቢገባው ኖሮ ይጮህብኝ ነበር፣ ቢጮህብኝ ደግሞ ይቀለኝ ነበር። እጄን ይዞ "አንቺ ራስሽን አትውቀሺ፣ አንቺ ምን አደረግሽ" አለኝ። እስከ ዛሬ ከዚያ የባሰ ነገር የተናገረኝ ሰው የለም።

ሙዓዝ ረቡዕ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሞተ። ወንዶቹ ወስደው ኮልፌ ቀበሩት። ያን ያህል ትንሽ ልጅ ሲቀበር ጊዜ አይወስድም፤ ለሴቶቹ የተጣደው ሻይ ሳይፈላ ተመለሱ። ጀማል ጫማው ላይ ቀይ አፈር ይዞ ገባ፤ አላወለቀውም፣ እኔም አውልቅ አላልኩትም። ጎረቤት ሁሉ መጣ። "አላህ ሰብሩን ይስጥሽ"፣ "አላህ ይተካልሽ"። የሚተካ ነገር እንዳልሆነ እያወቁ ነው የሚሉት፤ ሌላ ምን ይበሉ።

ዲኑም መጡ፣ ከባልደረቦቼ ጋር። ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው "የፈጣሪ ፈቃድ ነው ሲስተር" አሉኝ።

"የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ይስጡኝ" አልኳቸው።

እናቴ "ሐዘኑ ነው የሚያናግራት" ብላ ይቅርታ ጠየቀችልኝ። ዲኑ ቁልፉን አወጡና ሰጡኝ እንዳትሉ፤ "እንነጋገራለን" ብለው ተነስተው ሄዱ። ጤና ጣቢያውም በበኩሉ ጉዳዩን አየው። ምህረት ደረጃውን ጠብቃ መሥራቷ ተረጋገጠ ተባለ። እውነታቸውን ነው፤ ጠብቃለች።

ያለ ልጅ የወሊድ ፈቃዴን ጨርሼ ሥራ ስገባ ቁልፉን አገኘሁት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነው። አዲሱ አሻንጉሊት ወጣ። በዚያው ሰሞን ኮሌጁ ለአስተማሪዎች የማስተማር ሙያ ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። አሠልጣኙ እያንዳንዳችን ባልደረቦቻችንን እንደ ተማሪ ቆጥረን አጭር ትምህርት እንድናስተምር አዘዘን። ተራዬ ሲደርስ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩትና "አፋችሁን ዝጉና ሥሩ" አልኳቸው። "አንድ ቃል የተናገረ ይወድቃል።"

ሳቁ። ከዚያ አንዱ ሞከረ። ማስኩን ገጠመና አፉ "ደረ..." ሊል ከፈት አለ፤ አስታወሰና ዘጋው። እጁ ግን ቀጥሎ የሚያደርገውን አጣ። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛው ጨመቀ፣ ደረቱ አልተነሳም፣ አላየውምም፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፣ ምልክት አደርግለት እንደሆነ። እነዚህ ተማሪዎች አይደሉም፣ አስተማሪዎች ናቸው። የስንት ዓመት አስተማሪዎች። ሲጨርሱ ከሁላችን ቀደም ያሉት ሲስተር፣ የምንወዳቸው ሴት፣ ወደ ጎን ወሰዱኝ። "የኔ ልጅ፣ ሐዘንሽን ክፍል ውስጥ አታስገቢው" አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ አዝነውልኝ ነው።

እና ምን ተለወጠ? እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ጋወን ለብሳችሁ ሰው ፊት የምትቆሙ፣ መጨረሻው ላይ መልካም ነገር ትጠብቁ ይሆናል። ትንሽ ነው የተለወጠው። እኔ አሁን በዝምታ ነው የምፈትነው፤ ተማሪዎቼ አይወዱኝም። ከጎኔ ባለው ክፍል ግን ቃሉ ያው እንደ ድሮው ይሰማል፤ ግድግዳው ስስ ነው። ባልደረባዬን ስጠይቀው "ተማሪው ብዙ፣ አሻንጉሊቱ አንድ፣ ሰዓቱ አጭር፤ ምን ላድርግ?" ይለኛል። ተቆጣጣሪ ይመጣል በተባለ ጊዜ ደግሞ አሻንጉሊቱ ታጥቦ፣ አዲስ ላስቲክ ለብሶ ወደ ቁም ሣጥኑ ተመልሷል። ቁልፉን እንደገና እየለመንኩ ነው። ሥልጠናው ጥሩ ነበር፣ አሠልጣኙም ጎበዝ ሰው ነው። ግን ሰው ለዓመታት በአፉ የሠራውን በጥቂት ቀን ሥልጠና እጁ ላይ አታመጡለትም። አንዳንድ ቀን ይሄ ነገር ከእኔ ዕድሜ በላይ ነው ብዬ ቁጭ እላለሁ፤ ከዚያ ሰዓት ይደርሳል፣ ተነስቼ ክፍል እገባለሁ።

እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ተማሪያችሁ "አድርጌያለሁ" ሲላችሁ እጁን እዩት። የእኛ ሥራ መስማት አይደለም።

ባለፈው እሁድ ምህረት ቤቴ መጣች። ከቤተ ክርስቲያን ነበር የመጣችው፣ ነጠላዋን ሰብስባ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከሐዘኑ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። ጀማል ሰላም ብሏት ወደ ውጭ ወጣ፤ አይጠላትም፣ ግን አንድ ክፍል ውስጥ አብሯት መቀመጥ አይችልም።

"ሲስተር፣ ልንገርዎት አልንገርዎት እያልኩ ሰነበትኩ።"

"ምንድን ነው?"

"ሐሙስ ዕለት ተረኛ ነበርኩ። ልጁ ሲወለድ አልተነፈሰም።" ጣቶቿን ታፍተለትላለች። "አንድ ቃል አልተናገርኩም ሲስተር። አንገቱን በቀስታ አቃናሁ፣ ማስኩን ገጠምኩ፣ ደረቱን ብቻ አየሁ። ተነሳ። አለቀሰ። በማግስቱ እናቱ ታቅፋው ወጣች።"

ማለት የነበረብኝን አውቃለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ ማለት ያለብኝ ታውቆ ያደረ ነው። ግን ቀናሁ። ያችን አይቻት የማላውቃትን፣ ልጇን ታቅፋ የወጣችውን ሴት ጠላኋት። ከዚያ በራሴ አፈርኩ፣ ካፈርኩም በኋላ ቅናቱ አልለቀቀኝም። እና መልሱን እያወቅኩ ጠየቅኳት፤ ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም።

"ከማን ተማርሽው?"

ምህረት አንገቷን ደፋች። ከማዶ ቤት የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ልነሳ ስል ቀስ ብላ ተናገረች።

"ከሙዓዝ ነው፣ ሲስተር።"